ቅዱስ ያሬድና ዜማውን ያቆየችው ጋይንት

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ የሚያመራው አውራ ጎዳና የጉናን ተራራ ትከሻ ከተሻገረ በኋላ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ነፋስ መውጫ ስሟ ራሱ የአየሯን ጠባይ ይናገራል። ከዚያ ወደ ደቡብ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆዎች ድረስ ተዘርግተው ይገኛሉ። መሬቱ በተራራና በገደል የተቆራረጠ፣ አፈሩ በጎርፍ የተሸረሸረ፣ ገበሬውም በተደጋጋሚ በድርቅ የሚፈተን ነው። ይህ አካባቢ በሀብቱ ታውቆ አያውቅም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ለዘመናት ሲማርና ሲመሰከር የኖረው በእነዚሁ ተራሮች መካከል በሚገኙት በቤተልሔምና በዙር አምባ ነው።

የዜማው ባለቤት ግን የጋይንት ተወላጅ አይደለም። ትውልዱ በአክሱም፣ የሕይወቱ ፍጻሜም በሰሜን ተራሮች እንደሆነ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ነው። የእርሱ ሕይወትና የጋይንት ታሪክ የተገናኙበት መንገድ አንድ ሥራ ከሠሪው በኋላ እንዴትና በማን ትከሻ እንደሚኖር የሚያሳይ በመሆኑ ዛሬም ሊታወስ የሚገባው ነው።

የአክሱሙ ደካማ ተማሪ

በቤተ ክርስቲያኗ ትውፊት መሠረት ያሬድ የተወለደው በ505 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ነው። የያሬድን ሕይወት የሚተርኩት ስንክሳሩና ገድሉ ከእርሱ ዘመን ብዙ ቆይተው የተጻፉ በመሆናቸው ታሪኩ እስከ ዛሬ የደረሰው ታሪክና እምነት ተዋህደውበት ነው። የዜማ ተማሪዎችም ሆኑ ሌላው ሕዝብ ያሬድን የሚያውቁት በዚሁ መልክ ነው።

ያሬድ አባቱን ያጣው ገና በሕፃንነቱ ነበር። እናቱም በአክሱም ጽዮን ያስተምር ለነበረው አጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ልጁ ግን ትምህርት የማይገባው ሆነ። መዝሙረ ዳዊትን ማጥናት ከበደው፤ ጓደኞቹ ሲያልፉት እርሱ ባለበት ቀረ፤ የመምህሩም ዱላ በረታበት። በመጨረሻም ምሬት አሸንፎት ከአክሱም ጠፍቶ ሄደ።

በመንገድ ላይ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። ከዚያም ትል የዛፉን ግንድ ለመውጣት ሲታገል አየ። ትሉ ጥቂት ወጣ ይልና ይወድቃል፤ ይነሳና እንደገና ይሞክራል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከዛፉ ላይ ደረሰ፤ ፍሬውንም በላ። ያሬድ ከዚህ ፍጥረት ትዕግሥትን ተምሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተከፍቶለት ብሉያትንና ሐዲሳትን በአጭር ጊዜ ማጠናቀቁንና በወጣትነቱ ዲቁና መቀበሉን ትውፊቱ ይናገራል።

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ትውልድ ሲነገር የኖረ ነው። ታላቁ የዜማ ሊቅ በመጀመሪያ ከትምህርት ቤት የጠፋ ልጅ መሆኑ ለደከመ ተማሪ ሁሉ ተስፋ ሰጥቷል።

ዓመቱን በዜማ ያደራጀ ሊቅ

ትውፊቱ የዜማውን ምንጭ ሰማያዊ ያደርገዋል። ሦስት አዕዋፍ ከገነት መጥተው በሰው ቋንቋ እንዳነጋገሩት፣ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ እንደሰማ፣ ከዚያም ተመልሶ በአክሱም ጽዮን የመጀመሪያውን ዜማ እንዳሰማ ይተረካል። ይህ የመጀመሪያ ዜማ አርያም ይባላል። ዘመኑም የንጉሥ ካሌብ ልጅ አፄ ገብረ መስቀል የነገሠበት ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደነበረ ይነገራል።

ለያሬድ የሚሰጡት መጻሕፍት አምስት ናቸው። እነርሱም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ሳምንታት የሚከተል ታላቅ መጽሐፍ ሲሆን ዮሐንስ፣ አስተምሕሮና ፋሲካ በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ይመደባል። የመጀመሪያው ከመስከረም አንድ ቀን ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከታኅሣሥ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይዘልቃል፤ ሦስተኛው ከትንሣኤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያለውን ይይዛል። ዐቢይ ጾም ራሱን የቻለ መጽሐፍ አለው፤ እርሱም ጾመ ድጓ ነው። ዝማሬ በቅዳሴ ከቁርባን ጋር ተያይዞ የሚዜም ሲሆን፣ መዋሥዕት ደግሞ ሙታን ሲሸኙና ሲታሰቡ ይዜማል። በዚህ አደረጃጀት የኢትዮጵያ ገበሬ ዘርቶ እስኪያጭድ፣ ልጅ ተወልዶ አርጅቶ እስኪቀበር ድረስ ለእያንዳንዱ ወቅት የተመደበ ዜማ አለ።

ዜማው በሦስት ስልቶች ይዜማል። ግዕዝ ጠንካራና ቀጥ ያለ፣ ዕዝል ለስለስና ረዘም ያለ፣ አራራይ ደግሞ ልብን የሚያራራ እንደሆነ ሊቃውንት ይገልጻሉ። በሊቃውንቱ ትርጓሜ ሦስቱ የሥላሴ ምሳሌ ተደርገው ይወሰዳሉ። የያሬድ ሥራ እንግዲህ ድምፅ ማውጣት ብቻ አልነበረም። ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን የተወሰደውን ቃል መርጦ፣ በወቅት መድቦ፣ ለእያንዳንዱም ተስማሚውን ስልት ሰጥቶ ማደራጀት ነበር።

ስለ ዜማው ኃይል ከሚነገሩት ታሪኮች በጣም የታወቀው የጦሩ ታሪክ ነው። ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም አፄ ገብረ መስቀል በተመስጦ ውስጥ ሆነው የያዙት ጦር የያሬድን እግር ወጋው። ደሙ ቢፈስም አዚያሚውም ሆነ አድማጩ ዜማው እስኪያበቃ ድረስ አልተሰማቸውም። ንጉሡ ደንግጠው የፈለገውን እንዲጠይቅ በፈቀዱለት ጊዜ ያሬድ ሹመትም ሆነ ሀብት አልፈለገም። የጠየቀው ከቤተ መንግሥት ተለይቶ በገዳም እንዲኖር ስንብት እንዲሰጠው ብቻ ነበር። ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በጸሎትና በማስተማር ኖረ። ዕረፍቱ በ571 ዓ.ም. እንደሆነ ይነገራል፤ መታሰቢያውም በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

ወደ ዙር አምባ

ያሬድ ከአክሱም ውጭ ተጉዞ ካስተማረባቸው ቦታዎች መካከል በትውፊት የጣና ቂርቆስ ደሴትና በጋይንት የሚገኘው ዙር አምባ ይጠቀሳሉ። ወደ ዙር አምባ የመጣው ከአፄ ገብረ መስቀልና ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ከሆኑት ከአቡነ አረጋዊ ጋር እንደሆነና የዝማሬን መጽሐፍ በዚያ እንደደረሰ የአካባቢው ሊቃውንት ሲናገሩ ኖረዋል። ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት መመስከሪያ ሆኖ የቆየውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ያስረዳሉ።

በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ሥርዓት ለየትምህርቱ የታወቀ የምስክር ቦታ አለው። ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ፣ ለአቋቋም ጎንደር በዓታ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለድጓ ደግሞ ቤተልሔም ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ፣ ዙር አምባና ቤተልሔም፣ በጋይንት መገኘታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የድጓ ዜማ ራሱ ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር በሚባሉ የአዚያዚያም ይትበሃሎች የሚለይ ሲሆን፣ በአገሪቱ በስፋት የተሰራጨው የቤተልሔሙ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አክሱም በየአድባራቱ የሚሰማው ማኅሌት በአብዛኛው የጋይንትን ቤት ፈለግ የሚከተል ነው ማለት ይቻላል።

የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ሕንፃም የራሱ ታሪክ አለው። ከውጭ ለሚያየው እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓከንሃም በ1940ዎቹ ማብቂያ ወደ ስፍራው ተጉዞ ሲገባ ግን በክቡ ሕንፃ ውስጥ ሌላ፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነፀ፣ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ አገኘ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለዓለም አስታወቀ። ለአካባቢው ሰው ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ አሮጌውን በአዲስ ጋርዶ ጠብቆት ኖሯልና።

ጦርነቱና ምልክቱ

ያሬድ ካረፈ በኋላ ዜማው ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ እየተላለፈ ነው። ቃሉ በብራና ይጻፍ እንጂ ዜማው የሚቀመጠው በሰው ልብ ነበር። ይህ አኗኗር ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ የታየው በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1521 ዓ.ም. ከሽምብራ ኩሬ ውጊያ በኋላ የተስፋፋውና በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ የተደመደመው የኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። መጻሕፍት ከነቤታቸው ነደዱ፤ ካህናትና መምህራን ሞቱ፤ የተረፉትም ተሰደዱ። መምህር ሲሞት አብሮት የሚቀበር ዜማ ነበርና ጉዳቱ ከብራናው መቃጠል የከፋ ነበር።

በሊቃውንቱ ዘንድ ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው በዚያ ዘመን የድጓ መጽሐፍ በየስፍራው ጠፍቶ በቤተልሔም ተርፎ ተገኘ። የድጓ ምስክርነት ለቤተልሔም የተሰጠውም ስለዚህ ነው ይባላል።

ጦርነቱ ባበቃ ጊዜ ዙፋኑን ይዘው የነበሩት ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ገላውዴዎስ ናቸው። በእርሳቸው ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለድጓው ምልክት እንደሠሩለት ይነገራል። አዛዥ በቤተ መንግሥት አገልግሎት የሚሰጥ ማዕረግ ነበር። የሁለቱም ስም ገላውዴዎስ ካቋቋሟት፣ ከጋይንትና ከስማዳ በበሽሎ ማዶ በሳይንት ከምትገኘው ከተድባበ ማርያም ጋር ተያይዞ ይነሳል። የግል ሕይወታቸው በዝርዝር አልተመዘገበም። ሥራቸው ግን ዛሬ በእያንዳንዱ የድጓ ገጽ ላይ ይታያል።

ሥራቸው እንዲህ ነው። በድጓው ጽሑፍ መስመሮች መካከል፣ ከቃሉ በላይ፣ ደቃቅ ፊደላት ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ፊደል ወይም የፊደላት ስብስብ በታወቀ ዜማ ውስጥ ያለን አንድ ቃል በአጭሩ ያመለክታል። ተማሪው ምልክቱን ባየ ጊዜ ያ ቃል የሚዜምበትን ድምፅ ያስታውሳል፤ ያንኑም ለፊቱ ላለው ቃል ይሰጠዋል። የእነዚህ ምልክቶች ብዛት በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ከእነርሱ ጋር ድምፁን የሚመሩ ይዘት፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ቅናትና ቁርጥ የተባሉ ስምንት ምልክቶች አሉ። ለእያንዳንዳቸውም ከክርስቶስ ሕማም ጋር የተያያዘ ትርጓሜ ተሰጥቷቸዋል።

የዘመናችን ተመራማሪዎችም ለዚህ ሥራ ከፍተኛ ትኩረት ሰጥተውታል። ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጀፍሪ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ባሳተሙት ባለ ሦስት ቅጽ ጥናት ምልክቱን ከዜማው ጋር እያነጻጸሩ አጥንተዋል። አፍሪካ ውስጥ ከቀደምት አገር በቀል የዜማ አጻጻፍ ሥርዓቶች መካከል የኢትዮጵያው በግንባር ቀደምነት የሚጠቀስ ነው።

ከውቅያኖስ ማዶ የታየ ተመሳሳይ ጉዳይ

በቃል የኖረን መንፈሳዊ ዜማ ከመጥፋት ለማዳን የተደረገ ጥረት በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩ ጥቁሮች በእርሻ ቦታና በጸሎት ስብሰባ ያዜሟቸው የነበሩ መንፈሳዊ መዝሙሮች ከባርነት ማብቃት በኋላ የመጥፋት ዕጣ ተጋርጦባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 በናሽቪል ከተማ የሚገኘው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የገንዘብ ችግር በገጠመው ጊዜ ጥቂት ተማሪዎች የመዘምራን ጓድ አቋቁመው እነዚህን መዝሙሮች ይዘው ወጡ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ነበሩ። በአሜሪካና በአውሮፓ እየዞሩ ባሰባሰቡት ገንዘብ ዩኒቨርሲቲያቸውን ከመዘጋት አዳኑ፤ መዝሙሮቹንም ለዓለም አሰሙ።

ከእነርሱ በኋላ ሃሪ በርሊ ተነሳ። እ.ኤ.አ. ከ1866 እስከ 1949 የኖረው በርሊ መዝሙሮቹን የሰማው ባሪያ ከነበሩት ዓይነ ስውር አያቱ ነው። ኒው ዮርክ በሚገኝ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ከአያቱ የሰማውን በኖታ አቀናብሮ ለመድረክ አበቃው። ይህን የጥቁር ሕዝቦች የሙዚቃ ሐረግ ካጠኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ይገኙበታል። በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ኋላ በአሜሪካ ሲያስተምሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1982 በአፍሪካና በጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ቅርስ ላይ ያተኮረ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከዚህ ዓለም የተለዩትም እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

በሁለቱ ጥረቶች መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በርሊ የተጠቀመበት የአውሮፓ ኖታ የድምፁን ከፍታና ርዝመት ስለሚያሳይ ዜማውን ሰምቶ የማያውቅ ሰውም አንብቦ ሊያዜመው ይችላል። የጌራና የራጉኤል ምልክት ግን የሚናገረው አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ምልክቱ አስታዋሽ እንጂ አስተማሪ አይደለም። ድጓው ሙሉ ምልክቱን እንደያዘ ቢገኝ፣ ነገር ግን የተማረ አንድም ሰው ቢጠፋ፣ ከገጹ ዜማ ማውጣት አይቻልም። የያሬድ ሥራ በመጽሐፍ ብቻ ሊድን ያልቻለበት ምክንያት ይህ ነው።

የተማሪው ጎጆና የገበሬው ቁራሽ

ስለዚህ ዜማውን ያቆየው የመምህሩና የተማሪው ሰንሰለት ነው። የዜማ ተማሪ ከወላጆቹ ተለይቶ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ የታወቀ መምህር ወዳለበት ይሄዳል። ከደረሰም በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ቀን ከመጽሐፍ፣ ሌሊት በጨለማ በቃሉ ያጠናል። ጾመ ድጓንና ምዕራፍን ጨርሶ ወደ ድጓ ይሻገራል። የራሱን ድጓ ከነምልክቱ በእጁ መጻፍም የትምህርቱ አካል ነው። የኔታ ተማሪው ባዜመ ጊዜ ስህተቱን በጆሮአቸው ለይተው ያርማሉ። ይህ ሁሉ ዓመታትን የሚወስድ ነው። በመጨረሻም ተማሪው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር የሚያበቃውን እውቅናም ያገኛል።

ይህን ሥርዓት ለዘመናት የመገበው የአካባቢው ገበሬ ነው። ተማሪው ረፋድ ላይ በየደጁ እየዞረ ቁራሽ እንጀራ፣ ቆሎ ወይም የተረፈ ንፍሮ ይለምናል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እናቶች ከልጆቻቸው ድርሻ ላይ ለማያውቁት የሩቅ አገር ልጅ ሲቆርሱ ኖረዋል። ዝናብ በቀረ ዓመት የገበሬው ማድጋ ሲጎድል የተማሪውም አኮፋዳ ባዶ ይሆናል፤ ጎጆውም ይፈታል። የያሬድ ዜማ ታሪክ የነገሥታትና የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የእነዚህ ስም ያልተጻፈላቸው ሰዎችም ታሪክ ነው።

ዛሬ የሚጠይቀው ኃላፊነት

በአሁኑ ጊዜ የያሬድ ስም በብዙ ቦታ ይጠራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰይሟል። የመስቀል በዓል አከባበር እ.ኤ.አ. በ2013፣ የጥምቀት በዓል አከባበርም እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል። በሁለቱም በዓላት ካህናቱ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ የሚያቀርቡት ዝማሬ ከያሬድ ድርሰት የሚቀዳ ነው።

ይሁንና በዓለም መዝገብ የሰፈረው ዝማሬ ምንጩ ያለው በጋይንት ተራሮች ላይ በሚገኝ የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ዛሬ ዜማን በመቅረጸ ድምፅ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንስቶ ማኖርም እንዲሁ። ሁለቱም አስፈላጊ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የጌራና የራጉኤል ምልክት ያስተማረን ቁም ነገር ቢኖር የተቀመጠ ነገር ሁሉ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ዝም እንደሚል ነው። ቅርስን የመጠበቅ ኃላፊነት የተጣለባቸው አካላት ሕንፃውንና ብራናውን ሲመዘግቡ የመምህሩን ወንበርና የተማሪውን ቀለብም አብረው ሊያስቡ ይገባል።

ሁለቱ አዛዦች ከጦርነት ፍርስራሽ መካከል ተቀምጠው ምልክት ሲሠሩ የመንግሥት ማዕረግ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ከጠፋው ይልቅ በተረፈው ላይ አተኮሩ፤ የተረፈውንም ሥርዓት ሰጥተው ለቀጣዩ ትውልድ አስረከቡ። ከትል ትዕግሥትን የተማረው የአክሱሙ ልጅ የጀመረው ዜማ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመታት በኋላ በቤተልሔም የሚሰማው እያንዳንዱ ዘመን የበኩሉን ስላደረገ ነው። የዚህ ዘመን ተራ ደግሞ አሁን ነው።